የካኮው ሁለተኛ በረኛ

ሙጋ ማረፉን የሰማሁት ጂንካ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ነው። የደወለልኝ ታናሽ ወንድሙ ጊኖ ነበር። «መምህር፣ ሙጋ ዐረፈ» አለኝ። ጉበቱን ታሞ መሰንበቱን አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሆስፒታል ሄጄ፣ ዐይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ የካኮ ቡድን አዲስ በረኛ ኳስ በደረቱ ሳይሆን በአፉ እንደሚይዝ ሲያማልኝ ነው የቆየው። «እግዜር ያጽናችሁ» አልኩት ጊኖን። የመረጥኩትን ቲማቲም መልሼ ሳስቀምጥ ሻጯ «ጋሼ፣ ልቀንስልህ እኮ!» እያለች ከኋላዬ ትጣራ ነበር።

ስለ ሙጋ ስናገር ሰዎች እንባዬን ይጠብቃሉ። እኔ እንባ የሚቀርበኝ ሰው አይደለሁም። ከወሎ ተመድቤ ጂንካ ስመጣ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ዛሬም ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያው ነኝ። ሰው መመዘን እንጀራዬ ነው። ሚስቴ «አንተ ሙሽራ ስታይ እንኳ የምታየው ጉልበቱን ነው» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። በዚህ ሙያ ብዙ በረኞች በእጄ አልፈዋል፤ የአብዛኞቹ ስም ጠፍቶብኛል። ሙጋ አንደኛ በረኛዬ እንኳ አልነበረም፤ ኮሌጅ በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ተጠባባቂ ነበር። እንዲያም ሆኖ የማልረሳው እሱን ነው።

ያን ጊዜ ኮሌጃችን የራሱ ሜዳ አልነበረውም። የምንለማመደው ከተማው መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ነበር። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ፖሊሱ ፊሽካውን እየነፋ ላሞቹንም ተማሪዎቹንም እኩል ያባርራል። አንድ ቀን እንዲሁ ተባርረን ዳር ስንቆም ኳሳችን መሃል ሜዳ ላይ ቀረ። አውሮፕላኑ ከተራራው በላይ ብቅ ብሏል። ፖሊሱ «ማንም እንዳይገባ!» እያለ ሲጮኽ፣ ከተመልካቹ መሃል አንድ ተማሪ ወጥቶ ሮጠና ኳሱን አነሳ። ይለጋዋል ብዬ ስጠብቅ በአንድ እጁ ወረወረው። ኳሱ በላሞቹም በፖሊሱም አናት ላይ አልፎ እኔ እግር ሥር መጣ። ፖሊሱ ጆሮውን ይዞ ሲያመጣው ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት።

«እንዲህ መወርወር የት ተማርክ?»

«ከብት ስጠብቅ። ድንጋይ» አለኝ። «ጅብ ላይ።»

ከካኮ የመጣ የበና ልጅ ነበር። አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልገባበትምና ለዲኑም፣ ለፖሊሱም፣ ለእኔም «አንተ» ነው። ልብ ብላችሁ ብትሰሙት ግን ንቀት የለበትም። በማግስቱ ሁለተኛ በረኛ አድርጌ መዘገብኩት።

አንደኛው በረኛ ሳሙኤል ነበር፤ ከሆሳዕና መጥቶ ጂንካ የሰፈረ የአናጢ ልጅ። ቁመቱ ከሙጋ በአንድ ራስ ይበልጣል፣ መልኩ ያማረ፣ ሲዘል ሴት ተማሪዎች የሚጮኹለት። ሳሙኤል ለቀላሉም ኳስ ይበራል። ሙጋ ደግሞ መውደቅ አይወድም። «ኳሷ ወደ እኔ እየመጣች ለምን እወድቃለሁ?» ይላል። አንዴ ሳሙኤል ቀጥታ የመጣለትን ኳስ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሲይዝ ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ሙጋ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ኮች፣ እሱ ኳስ አልያዘም፤ ፎቶ ነው የተነሳው» አለኝ። ምቀኝነት አልነበረም። ሳሙኤል ራሱ ሰምቶ ስቋል።

እንግዲህ ለመመዘን ያህል፦ እጁ ሰፊ ነበር፣ የያዘው ኳስ አይተፋም። በሰው መሃል የሚመጣውን የማዕዘን ምት ሲወጣለት ጥርጣሬ የለውም፤ ወይ ይወጣል፣ ወይ አይወጣም፣ መሃል ላይ አይቆምም። በረኛን የሚገድለው መሃል ላይ መቆም ነው። ውርወራውን የሚያህል ከዚያ ወዲያም አላየሁም። ሌላው በረኛ ኳሱን ጠልዞ ለዕድል ይሰጠዋል፤ ሙጋ ከመሃል ሜዳ አሳልፎ የመስመር ተጫዋቹ ካለበት ሳይሆን ሊደርስበት ካለው ቦታ ላይ ያስቀምጥለታል። እግሩ ግን ለጠላትም አይስጥ። ወደ ኋላ ኳስ የሚያቀብለው ተከላካይ በራሱ ቡድን ላይ እንደፈረደ ይቆጠራል። ቁመቱም መካከለኛ ነው፤ ለኮሌጅ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሲኬድ ጥያቄ ያስነሳል። ሳሙኤልን ያስቀደምኩት በቁመቱና በእግሩ ነው፤ ውሳኔዬ በጊዜው ስህተት አልመሰለኝም፣ አሁንም አይመስለኝም።

የተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ሙጋ ተቀምጦ አያውቅም። የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር፤ «መቀመጫ ያሳክካል» ብሎ የራሱን ቦርኮቶ ይዞ ይመጣል፤ የበና ወንድ ሲቀመጥ ወንበር፣ ሲተኛ ትራስ የሚያደርጋት ትንሽ እንጨት። እሷን ከእኔ አጠገብ ተክሎ ጨዋታውን ያነብልኛል። «ያ ቀኝ እግር የለውም።» «ይሄ ደክሞታል፤ ካልሲውን ዝቅ አደረገ።» «ሳሙኤል! ግራ! ግራ!» ሳሙኤል ሲብስበት ዞሮ «አንተ ግባና ያዘው!» ይለዋል። ሙጋ «ኮች ሲለኝ» ይለዋል ሳይናደድ።

አንድ ቀን ስለዚህ አለመናደዱ ጠየቅኩት። «ሁልጊዜ ሁለተኛ መሆን አያበሳጭህም?»

«ከብት ወንዝ ሲወርድ ሁሉም አንዴ አይጠጣም» አለኝ። «ተራ አለ።»

ቅዱስ ሰው አድርጌ እንዳልሥልባችሁ ደግሞ ይኼን ልጨምር። ከገዘር ቡድን ጋር ስንጫወት ሳሙኤል ታሞ ሙጋ ገብቶ ነበር። ተለግቶ የመጣ ኳስ የበሩን መስመር ወደ ውስጥ ካለፈ በኋላ ደረቱ ላይ ያዘው። ዳኛው ከሩቅ ነበርና እየሮጠ መጥቶ «ገብቷል ወይ?» አለው። ሙጋ ኳሱን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ዐይኑን ዐይኑ ላይ አድርጎ፣ «አልገባም» አለ። አሸነፍን። ሲመሽ «እውነቱን ንገረኝ» ስለው እጁን እስከ ክርኑ አሳየኝና «ይህን ያህል ገብቶ ነበር» ብሎ ሳቀ። ውሸት የሚያስፈራው ሰው አልነበረም። ይህን ማወቅ ለሚቀጥለው ነገር ያስፈልጋል።

የትምህርቱ መጨረሻ ላይ የደቡብ ኮሌጆች ውድድር ጂንካ ሆነ። የአንድ ትልቅ ክለብ መልማይ መጣ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ሙሉ ጨዋታ ለውዝ የሚቆረጥም ሰውዬ። የመጣው ለሳሙኤል ነበር፤ ያስጠራሁትም እኔ ነኝ። ክለቡ ከሃያ ዓመት በታች ላለው ቡድኑ በረኛ ይፈልጋል፣ ያሳድገዋል፣ ከዚያ ወደ ዋናው ቡድን ነው። ለጂንካ ልጅ ይህ በር በየዓመቱ የሚከፈት አይደለም።

ከዕረፍት በፊት ሳሙኤል ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ትከሻውን ያዘ። ወደ ሙጋ ዞር ስል ቀድሞኝ ተነስቶ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። የመጀመሪያውን የማዕዘን ምት ከሁሉም አናት ላይ ያዘና መሬት ሳይነካ ወረወረው፤ የመስመር ተጫዋቻችን ሁለት ጊዜ ነክቶ አገባ። መልማዩ ለውዙን አቆመ። ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። መቺው ኳሱን ሲያስተካክል ሙጋ መስመሩ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ፣ አልዘለለም፣ አልተወዛወዘም። መቺው ግራ ተጋብቶ መሃል ለመሃል መታና ሙጋ ቆሞ እንደ ዳቦ ተቀበለው። ኋላ ላይ ስጠይቀው «ሁሉም በረኛ እንደ ሳሙኤል ይዘላል ብሎ አስቧል» አለኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ መልማዩ እጄን ያዘኝ። «ረጅሙን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አለ። «ይኼ ግን በረኛ ነው።»

«እግሩ ደካማ ነው» አልኩት። እኔ ሸቀጥ አጋንኜ አልሸጥም።

«እግር ይሠራል። ዐይን አይሠራም። ዕድሜው ስንት ነው?»

ሃያ ሁለት ግድም ነበር። ይህንንም የምናውቀው በግምት ነው፤ ኮሌጅ ሲገባ መዝጋቢው መልኩን አይቶ የጻፈለት ነው። መልማዩ አልተጨነቀም። «አሥራ ስምንት አድርጉትና የልደት ማስረጃ ይዛችሁ ኑ። ነገ ጠዋት በአውሮፕላን እመለሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።»

በዚህ አገር እግር ኳስ ተጫዋች ሁሉ ሁለት ዕድሜ አለው፤ አንደኛው እናቱ የምታውቀው፣ ሁለተኛው ክለቡ የሚያውቀው። እኔም በዚህ አልተከራከርኩም። የኮሌጁን መኪና ለምኜ፣ ሙጋንና ሁለተኛ ደረጃ ይማር የነበረውን ጊኖን ጭኜ ካኮ ወረድን። አባታቸው ሞቷል፤ ቤተሰቡን የሚወክል ምስክር አጎታቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ያረጀ ኮት የደረቡ፣ በትራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው። ስለ ክለቡ ወደ ቀበሌው ስንሄድ ሙጋ ነግሯቸው ተስማምተዋል። «ደሞዙ ጊደር ይሆናል» አሉ ብሎ ጊኖ ሲተረጉምልኝ ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የቀበሌው ጸሐፊ ቀና ሰው ነበር፣ ሊረዳን ፈልጓል። የቤተሰቡን መዝገብ አወጣና ጣቱን እያስኬደ አየ። «ጊኖ አሥራ ዘጠኝ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በዚሁ ለብሔራዊ ፈተና ስሙ ሄዷል፣ የሱን መንካት አይቻልም። ሙጋ አሥራ ስምንት ከሆነ ከጊኖ በታች ይገባል ማለት ነው። ምስክሩ አፋቸውን ከፍተው ‹ሙጋ ከጊኖ በኋላ ተወለደ› ይበሉኝ፤ ወዲያው እጽፋለሁ።»

ጊኖ ለአጎቱ ተረጎመ። ሽማግሌው ሙጋን ብቻ አዩት። ጸሐፊው ለማቅለል ብሎ «ካልሆነ አሥራ ዘጠኝ እናድርገውና መንታ ናቸው እንበል!» አለና ብቻውን ሳቀ። ከወላይታ ከመጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው። በና ውስጥ መንታ እንደ መርገም የሚፈራ እንጂ በቀልድ የሚነሳ ነገር አይደለም። አጎታቸው በትራቸውን አንስተው በሩ ጋ ሄደው ቆሙ።

«ተወው፣ ኮች» አለ ሙጋ።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ዕድሜውን። እኔ ታላቅ ነኝ።»

«ወረቀት ነው እኮ፣ ሙጋ! ማን ያየዋል?»

«ወረቀት አልፈራም። አሥር ዓመቱ ነው በልና ጻፍ፣ አሥር ነኝ። ከጊኖ በታች ግን አልወርድም። አጎቴ በሰው ፊት ከተናገረ፣ ተናገረ ነው።»

ጊኖ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ፣ «እኔ ተስማምቻለሁ! ይበሉ! ምን ችግር አለው?» አለ። ሙጋ በቋንቋቸው አንድ ቃል ተናገረው። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ጊኖ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛ ሆነህ ቆየህ» አልኩት። ተናድጄ ነበር። «ለሳሙኤል ሁለተኛ ስትሆን ያልከበደህ፣ ለወረቀት ነው የሚከብድህ?»

«ሜዳ ላይ ሁለተኛ በለኝ» አለኝ። «ቤት ግን አንደኛ ነኝ።»

ጸሐፊው መዝገቡን ዘጋ። በማግስቱ መልማዩ ትከሻው በፋሻ የታሰረውን ሳሙኤልን ይዞ በረረ፤ ሳሙኤል አሥራ ስምንት ለመሆን ችግር አልነበረበትም። ሻንጣውን እስከ አውሮፕላኑ ድረስ የተሸከመለት ሙጋ ነው።

እኔ ነገሩን በግትርነት ተረጎምኩት። ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼም እንደ ጉድ አወራሁት፤ ከየአገሩ የተመደብን ሰዎች ነንና ሁላችንም በየፊናችን ፈረድን። አንዱ «ኋላ ቀርነት ነው» አለ፣ አንዱ «ኩራት ነው» አለ፣ የሒሳቡ መምህር ደግሞ «አውሮፕላን ፈርቶ ነው» አለ።

ሙጋ ተመርቆ ከሄደ በኋላ የተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቼን ልጎበኝ በገበያ ቀን ካኮ ወረድኩ። ሙጋ ከዛፍ ሥር ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ በቅል ሸፎሮ ይጠጣል፤ ከቡና ገለባ የሚፈላውን። ለእኔም አስቀዳልኝ። ምንም ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረ።

«ኮች፣ አሁንም ተቆጥተሃል?»

«አዎ» አልኩት።

«ስማ። አባቴ ሲሞት አጎቴ ‹አንድ ልጅ ለከብቱ ይመለስ› አለ። የሚመለሰው ታላቅ ነው። ታላቅ ከብቱን ያዛል፣ ለታናሹ ሚስት ያመጣል፣ እናቱን ይጦራል። እኔ ታላቅ ሆኜ ክለብ ብሄድ፣ ከብቱን ለወዳጅ አደራ እሰጣለሁ፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ አጎቴ ምንም አይልም። ጊኖ ታላቅ ነው ከተባለ ግን አጎቴ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ያወጣዋል። እኔ እዚያ ኳስ እይዛለሁ፣ ጊኖ እዚህ የላም ጭራ ይይዛል። ጊኖ ደግሞ ልቡ ትምህርት ላይ ነው። ሐኪም እሆናለሁ ይላል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ጊኖ እዚያ ቆሞ ነበር። ቢሰማ ትምህርቱን ትቶ ‹አንተ ሂድ› ይለኝ ነበር። አውቀዋለሁ።»

ቅሉን ተቀበለኝና ቀና ብሎ ከብቶቹን አየ። «አይቆጭህም?» አልኩት።

«ይቆጨኛል» አለ ወዲያው። «ሬዲዮ ላይ ጨዋታ ስሰማ በጣም ይቆጨኛል።» ከዚያ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ለሰው የሚነገር ትልቅ ነገር የለውም። ወረዳው የእንስሳት ጤና ረዳት አድርጎ ቀጠረው፤ ከብት እየከተበ፣ ከብቱንም እያስተዳደረ፣ ሚስት አግብቶ ወለደ። ለካኮ ቡድን ጢሙ ሸበቶ እስኪያወጣ ድረስ በረኛ ነበር። በየዓመቱ የዞኑ ውድድር ላይ ስንገናኝ ከሩቅ «ኮች! አሁንም እግሬ አይመታም!» ይለኛል። ኦሞራቴ ላይ አንድ ፍጻሜ ጨዋታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፣ ተጫዋቹ ሁሉ ጥላ ፍለጋ መስመር ዳር ሲጠጋ ሙጋ ከበሩ እየጮኸ እንደ ከብት ይመልሳቸው ነበር። ከራሱ ክልል ወርውሮ ያስገባው ኳስ ነበር ማለት ይቻላል፤ አጥቂው ጭንቅላቱን ብቻ ነው የጨመረበት።

ሳሙኤል እስከ ክለቡ ዋና ቡድን ደረሰ። ለጥቂት ዓመታት አንደኛ በረኛ ሆኖ ስሙ በሬዲዮ ተጠራ፣ ከዚያ ጉልበቱን ተጎድቶ ተመለሰ፤ አሁን ሆሳዕና የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ደህና ልጅ ነው። ጊኖም ያሰበው ደረሰ፤ ጤና ተምሮ ኦሞራቴ ሠራ፣ ቀጠለና ሐኪም ሆኖ ጂንካ ተመደበ። ሰዎች ሻይ ቤት ሲያገኙኝ «ሙጋ ሄዶ ቢሆን ምን ይሆን ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልኩ አሳልፍ ነበር። ያልሆነን ነገር መመዘን የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ።

ለለቅሶው በሞተር ሳይክል ካኮ ወረድኩ። ግቢው ሞልቷል። የድሮ ተጫዋቾች፣ የወረዳው ሰዎች፣ ከከብት ሰፈር የመጡ ዘመዶች በየዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሚስቱ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ እጄን ይዛ ብቻ አየችኝ። እኔም ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች በአማርኛ «ያኔ ቢሄድም አይሳካለትም ነበር» እየተባባሉ ሲጽናኑ እሰማለሁ። ጊኖ ትንሽ ቆይቶ መጣና ከሰው ራቅ አድርጎ ወሰደኝ። አማርኛን ከነአንቱታው የተማረ እሱ ነው።

«መምህር፣ አጎታችን ከመሞታቸው በፊት ያን ቀን ሙጋ ለምን እምቢ እንዳለ ነግረውኛል» አለኝ። «ሙጋን ስጠይቀው ‹እንዲሁ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። እስኪሞት አላመነልኝም።»

በእጁ ወደ ለቀስተኛው ጠቆመ።

«አሁን ሰው ሁሉ እያጽናናኝ ነው። ‹ቁመቱ አጭር ነበር፣ እግሩ አይመታም ነበር፣ ቢሄድም በዓመቱ ይመልሱት ነበር› ይሉኛል። እንዳይከብደኝ ብለው ነው። እርስዎ ያውቃሉ። ሙያዎ ነው። ይሆን ነበር?»

ፊቱን አየሁት። እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተ ሐኪም፣ ወንድሙን በገዛ እጁ አስታሞ ያላዳነ ሰው ነው። «አይሆንም ነበር» ብነግረው ሸክሙ እንደሚቀልለት አስቤያለሁ። አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ሙጋን እንደገና መዘንኩት፦ እጁን፣ ዐይኑን፣ መስመሩ ላይ ሳይንቀሳቀስ መቆሙን፤ እግሩንም አልደበቅኩም። ውጤቱ ከድሮም የማውቀው ነበር።

«ይሆን ነበር» አልኩት።

«ተጠባባቂ ሆኖ?»

«አይደለም። አንደኛ በረኛ። ሳሙኤል ከደረሰበት አልፎ የሚሄድ ነበር። በእኔ እጅ ካለፉት ሁሉ፣ ለትልቅ ሜዳ የተፈጠረ አንድ በረኛ ጥራ ብትለኝ፣ ወንድምህን ነው የምጠራው።»

ጊኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ትንሽ ነገር ነው የተወልህ ሲሉኝ እሱን የሚያሳንሱብኝ ይመስለኛል። ልኩን ማወቅ ነበር የፈለግሁት።»

ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ተመለሰና መሃል ቆሞ በበና ቋንቋ ተናገረ። ወደ እኔ በእጁ ሲጠቁም አየሁ፤ «በረኛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየሁ። ሰዉ ጸጥ አለ። የሙጋ ሚስት አንገቷን ቀና አደረገች። እኔም በሰው ፊት አለቀስኩ፤ የሆነው ይኸው ነው።

ንግግሩ ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡ፣ አማርኛ የሚቸግራቸው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። ቃል እየፈለጉ ቆዩና «ለካ ለወንድሙ አንድ ወይፈን አይደለም» አሉኝ። «በረቱን ሁሉ ነው የሰጠው።»

«አዎ» አልኳቸው።